ብርሃን፣ ካርቦንና ቁንጭር፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሣ የምርምር ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 የዛሬው ርእሴ በብርሃን በሚነቃቁ የካንሰርና የልክፈት ሕክምናዎች ውስጥ የካርቦን ናኖ ቁሶች ያላቸው ድርሻ ነው። በዚህ ርእስ ላይ የሚታተሙት ጽሑፎች እጅግ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከቁሱ ይነሣሉ፤ ቁሱ እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚያበራ፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ምን ያህል ባክቴሪያ ወይም ምን ያህል የካንሰር ሕዋስ እንደገደለ ይዘረዝራሉ። ሕመምተኛው የሚጠቀሰው በመግቢያውና በመደምደሚያው ላይ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ከሕመምተኛው ልጀምር እወዳለሁ።

ሕመምተኛው ሩቅ አይደለም። በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ በስተምሥራቅ ባለው ደጋማና ገደላማ አገር፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይኖራል። በሽታው ሕዝቡ ቁንጭር የሚለው፣ በወሎ በኩል ሻህኝ የሚባለው፣ በሕክምና ቋንቋ የቆዳ ሊሽማኒያሲስ የምንለው ነው። በንግግሬ መጨረሻ ላይ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረው። ለዚህ በሽታ የብርሃን ሕክምናን ለማሰብ ብርሃን አላጣንም፤ ካርቦንም አላጣንም። የጎደለን በአገራችን ጥገኛ ተሕዋስና በአገራችን ሰው ቆዳ ላይ በጥንቃቄ የተሠራ ፈተና ነው።

፩. በሽታው

በኢትዮጵያ የቆዳ ሊሽማኒያሲስ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው በ1913 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን በሽታውን በዋነኛነት የሚያመጣው ተሕዋስ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ሊሽማኒያ ኢትዮጵካ የሚል ስም የተሰጠው በ1973 ነበር። ስሙ ከአገራችን ስም የተወሰደ ተሕዋስ ነውና ጥናቱም በቅድሚያ የሚመለከተው እኛን ነው። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ አዳዲስ ሕመምተኞች እንደሚኖሩ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑ በሽታው ምን ያህል ሳይመዘገብ እንደሚያልፍ ያሳያል።

ተሕዋሱ የሚኖረው በሽኮኮ ውስጥ ነው። ሽኮኮ በገደልና በዋሻ ይውላል፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ ነፍሳትም በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ትራባለች። ከሽኮኮው የመጠጠችውን ደም ይዛ በገደሉ አፋፍ ቤት የሠራውን ገበሬ ወይም ከገደሉ ሥር ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ስትነክስ ተሕዋሱ ወደ ሰው ይተላለፋል። በሽታው የሚገኘው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። የበሽሎንና የገባሮቹን ሸለቆዎች፣ የስማዳንና የታች ጋይንትን አፋፎች የሚያውቅ ሰው መልክዓ ምድሩ ለዚህ በሽታ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ ያለ ካርታ ይረዳዋል።

ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ ነው፤ በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በከንፈር አካባቢ። ሦስት መልክ አለው። አንደኛው በአንድ ቦታ ተወስኖ የሚቀር ነው። ሁለተኛው የአፍንጫንና የአፍን ስስ ሽፋን ይይዛል። ሦስተኛው በሰውነት ላይ በሰፊው ተሰራጭቶ ለዓመታት ይቆያል፤ አንዳንዴም ከሥጋ ደዌ ጋር ይምታታል። በመካከለኛው ምሥራቅ የሚገኘው ሊሽማኒያ ሜጀር የሚያመጣው ቁስል ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይድናል። የእኛው ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ሲድንም ጠባሳ ይተዋል። ፊቷ ላይ ጠባሳ የቀረባት ልጃገረድ በትዳርና በማኅበራዊ ኑሮ የሚገጥማትን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቁንጭር አይገድልም ተብሎ ችላ የተባለ በሽታ ነው፤ የሚያሳጣው ነገር ግን ብዙ ነው።

አሁን ያሉት ሕክምናዎች ምንድን ናቸው? ለጥቂትና ትናንሽ ቁስሎች በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም መድኃኒቱን ቁስሉ ላይ መውጋት ይቻላል። ለሰፊው ወይም የአፍንጫን ሽፋን ለነካው ደግሞ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው የአንቲሞኒ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፤ በተለመደው አሰጣጥ በየቀኑ ለ28 ቀናት። መድኃኒቱ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ነፋስ መውጫ ባለው ሆስፒታል የሊሽማኒያሲስ ሕክምና ይሰጣል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለረዥም ዓመታት የቆየ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማእከል አለ። ነገር ግን ከወገዳ ማዶ ካለ ቀበሌ ለሚነሣ ገበሬ 28 ቀን ማለት አንድ የአረም ወይም አንድ የአጨዳ ወቅት ነው። መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ መድኃኒት ባለቀ ጊዜ ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ባልደረሰ ጊዜ ደግሞ ሕመምተኛው የመጣበትን መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ፣ በቁስሉ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ የሚችል ሕክምና መፈለግ ለዚህ አካባቢ ቅንጦት አይደለም።

፪. ብርሃን እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

ብርሃን መድኃኒት መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ በጠዋት ፀሐይ ያሞቃሉ። በየሆስፒታሎቻችን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቢጫ የሆነ ሕፃን በሰማያዊ ብርሃን ሥር ይተኛል፤ ብርሃኑ ቢሊሩቢን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት በቀላሉ ወደሚያስወግደው ቅርጽ ይለውጠዋል። በዓለም ደረጃ ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

የዛሬው ርእሳችን ግን ሌላ መንገድ ነው። በ1900 በሙኒክ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን የተባለ ቀለም በአንድ ሕዋስ ተሕዋስያን ላይ ሲሞክር አንድ ነገር አስተዋለ። ቀለሙ በጨለማ ብዙም ጉዳት አያደርስም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። መምህሩ ፎን ታፓይነር ሐሳቡን አስፋፋው፤ በ1903 ደግሞ እርሱና ባልደረባው ኢዮሲን በተባለ ቀለምና በብርሃን የቆዳ ካንሰርን ለማከም ሞከሩ። ፎቶዳይናሚክ ሕክምና የምንለው ዘርፍ ከዚህ ተነሣ። ፎቶፍሪን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ፈቃድ ያገኘው በ1993 በካናዳ፣ ለፊኛ ካንሰር ነበር።

አሠራሩ በሦስት ነገሮች መገናኘት ላይ የቆመ ነው፦ ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር፣ ለእርሱ የሚስማማ ቀለም ያለው ብርሃንና ኦክስጅን። ብርሃን ተቀባዩ ብርሃኑን ሲውጥ ጉልበቱ ከፍ ይላል። ይህን ጉልበት በሁለት መንገድ ሊያስተላልፍ ይችላል። በአንደኛው ኤሌክትሮን በመስጠት ወይም በመቀበል ጎጂ ራዲካሎችን ይፈጥራል። በሁለተኛው ጉልበቱን በቀጥታ ለኦክስጅን ሰጥቶ ሲንግሌት ኦክስጅን የተባለውን እጅግ ንቁ ኦክስጅን ያስገኛል። ይህ ኦክስጅን ዕድሜው በማይክሮ ሴኮንድ የሚቆጠር ነው፤ በሕዋስ ውስጥ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ርቀት ሳይጓዝ ያልቃል። የዘዴው ብርታትም ድክመትም ከዚህ ይመነጫል። ብርታቱ፣ ብርሃን ያላረፈበት የሰውነት ክፍል አይጎዳም። ድክመቱ፣ ብርሃን ተቀባዩ ከዒላማው አጠገብ ካልደረሰ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ ዘዴም አለ፤ ፎቶተርማል ይባላል። በዚህኛው ቁሱ ብርሃኑን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ኦክስጅን አያስፈልገውም። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

፫. ካርቦን ለምን?

በጋይንት ምድር የቤተልሔም የድጓ ትምህርትና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት ለዘመናት የተነገረላቸው ናቸው። የእነዚህ ትምህርቶች መጻሕፍት የተጻፉበት ጥቁር ቀለም በባህላዊ አዘገጃጀቱ ከጥላሸትና ካረረ እህል የሚሠራ ነው። ብራናው ላይ ለዘመናት ሳይደበዝዝ የቆየው ካርቦን ነው። ጥላሸት እጅግ የደቀቀ ካርቦን ስለሆነ ብርሃንን ይውጣል፤ በኬሚካል አይለወጥም። ዛሬ በናኖ ሳይንስ የምንፈልጋቸው ሁለቱም ጠባዮች በደብተራው ቀለም ቀንድ ውስጥ ነበሩ።

የዘመኑ የካርቦን ቤተሰብ አራት ዋና ዋና አባላት አሉት። ፉለሪን 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተገጣጠሙበት ሞለኪውል ነው፤ በ1985 ተገኘ፣ ለአግኚዎቹም በ1996 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። የካርቦን ናኖ ቱቦ በ1991 በኢጂማ ጥናት በስፋት ታወቀ። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ገጽ ነው፤ በ2004 ጋይምና ኖቮሴሎቭ ከግራፋይት ላይ በተለጣፊ ፕላስተር ልጠው ለዩት፤ በ2010 ተሸለሙበት። አራተኛዎቹ የካርቦን ነጥቦች ናቸው፤ ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር በታች ነው። በ2004 ናኖ ቱቦ በማጣራት ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች ሳይፈልጓቸው አገኟቸው። በ2007 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከሻማ ጥላሸት የሚያበሩ የካርቦን ነጥቦችን አዘጋጁ። ጥላሸቱን በናይትሪክ አሲድ አፍልተው፣ አጣርተው፣ በመጠን ለዩት፤ ከአንድ ሻማ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ነጥቦች ወጡ።

እነዚህ ቁሶች ለብርሃን ሕክምና ያላቸው ጥቅም እኩል አይደለም። ፉለሪን ሲንግሌት ኦክስጅንን በማመንጨት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በውሃ አይሟሟም፤ በቀይ ብርሃን በኩልም የሚውጠው ጥቂት ነው። ናኖ ቱቦና ግራፊን ለዓይን የማይታየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ውጠው ያሞቃሉ፤ ሰፊ ገጽ ስላላቸው መድኃኒት ይሸከማሉ። የካርቦን ነጥቦች በውሃ ይሟሟሉ፤ ስኳር ወይም የሎሚ ጭማቂ በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ገደማ በማሞቅ ሊሠሩ ይችላሉ። በ2014 የቻይና ተመራማሪዎች ከግራፊን የተሠሩ ነጥቦች ለሚውጡት ለእያንዳንዱ ፎቶን በአማካይ ከአንድ የሚበልጥ ሲንግሌት ኦክስጅን እንደሚሰጡ ዘግበዋል። ይህ በዘርፉ ብዙ ተስፋ ያሳደረ ውጤት ነው።

ነገር ግን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለ፤ የሚያበራ ነጥብ መሥራት የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው።

፬. ከካንሰርና ከባክቴሪያ የተገኘው ትምህርት

በካንሰር ዘርፍ በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ናኖ ቱቦ የገባባቸው የካንሰር ሕዋሳት በ808 ናኖሜትር ብርሃን ሲመቱ እንደሚሞቱ፣ ናኖ ቱቦ ያልገባባቸው ግን እንደሚተርፉ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በአይጦች ላይ ዕጢ ያጠፉ ብዙ ሙከራዎች ተከተሉ። ሆኖም በካንሰር ሕክምና ላይ በብርሃን ገዳይ ሆነው በመደበኛነት የሚሰጡት ዛሬም የሞለኪውል መድኃኒቶች ናቸው። ካርቦን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው በሌላ በር ነው፤ በቻይና ሐኪሞች የካርቦን ናኖ ቅንጣቶችን ዕጢው አጠገብ ወግተው የሊምፍ ዕጢዎችን በማጥቆር ለቀዶ ሕክምና መለያ አድርገዋቸዋል።

የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከቆዳ በታች በጥልቀት ያለ ዕጢ ላይ ብርሃን ማድረስ ያስቸግራል። በደም ሥር የገባ ቅንጣት በጉበትና በጣፊያ ይከማቻል፤ መቼና እንዴት እንደሚወገድ ማወቅ ግድ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት ረዣዥምና ደረቅ ናኖ ቱቦዎች በአይጥ ሰውነት ውስጥ እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ከባለ ብዙ ግድግዳ ናኖ ቱቦዎች አንዱን ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ከሚችሉት ጋር መድቦታል። ስለዚህ «ካርቦን ተፈጥሯዊ ነው፤ አይጎዳም» የሚል ክርክር በፈተና ወረቀት ላይ ካየሁ ነጥብ እቀንሳለሁ።

በልክፈት በኩል ሁኔታው ይሻላል፤ ቁስል ላዩ ላይ ነው፤ ብርሃንም መድኃኒትም በቀጥታ ይደርሱታል። ንቁ ኦክስጅን የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዘረመል በአንድ ጊዜ ስለሚያጠቃ ባክቴሪያው በአንድ ለውጥ ብቻ ሊያመልጠው አይችልም። አንቲባዮቲክ በየመደብሩ ያለ ማዘዣ በሚገዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን ስላላቸው አሉታዊ ሙላት ያለውን ነጥብ አያስጠጉም፤ አዎንታዊ ሙላት ያለው ግን ይጣበቅባቸዋል። እዚህ ላይ የካርቦን ነጥብ ገጽ እንደፈለግን ሊቀየር መቻሉ ይጠቅማል።

፭. ወደ ቁንጭር ስንመለስ

አሁን ሁለቱን እናገናኝ። የፎቶዳይናሚክ ሕክምና በቆዳ ሊሽማኒያሲስ ላይ በሰው ተሞክሯል። በ2006 የታተመው የኢስፋሃን ጥናት ሕመምተኞችን በዕጣ በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሙሉ በሙሉ የዳኑት ቁስሎች በፎቶዳይናሚክ ምድብ 93.5 በመቶ፣ በፓሮሞማይሲን ቅባት ምድብ 41.2 በመቶ፣ መድኃኒት በሌለው ቅባት ምድብ 13.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ የእስራኤል ሐኪሞች መብራት ሳይጠቀሙ በፀሐይ ብርሃን ብቻ 31 ሕመምተኞችን አክመው 89 በመቶ ያህል መዳናቸውን አስታውቀዋል። ሕመምተኛው ቅባቱን ተቀብቶ ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በቀን ብርሃን ይቆያል፤ በቃ።

ይህን የሰማ ሰው «በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ፣ በከፍታ ቦታ፣ ለወራት ደመና በማይጋርደው ፀሐይ ሥር እየኖርን ምን እንጠብቃለን?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ከመቸኮላችን በፊት አራት መሰናክሎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ዝርያው ነው። እነዚያ ጥናቶች የተሠሩት ከሊሽማኒያ ኢትዮጵካ ውጪ ባሉ ዝርያዎች ላይ ነው። በራሱ ቶሎ በሚድን ቁስል ላይ የተገኘ ውጤት ለዓመታት በሚቆይ፣ በወፈረና ባበጠ ቁስል ላይ ይደገማል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ሰማያዊ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በደንብ አይዘልቅም፤ ቀይ ብርሃን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከዚያ ይዘልቃል። በሎሚና በስኳር የሚሠሩት አብዛኞቹ የካርቦን ነጥቦች ብርሃን የሚውጡት በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ በኩል ነው። የቆዳችን ሜላኒንም በዚያው በኩል አብዝቶ ይውጣል። በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ያስደነቀን ነጥብ በጠቆረና በወፈረ ቁስል ውስጥ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ነጥብ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የተሕዋሱ ማደሪያ ነው። ሊሽማኒያ በሰው ውስጥ የሚኖረው ማክሮፌጅ በተባለው የመከላከያ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ነው። በኢስፋሃንና በእስራኤል የተሠራበት ዓይነት ቅባት በሕዋስ ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ወደሆነ ፖርፊሪን ይለወጣል፤ ሊሽማኒያ ግን ይህን ለውጥ የሚያካሂዱት ኤንዛይሞች በሙሉ የሉትም። ስለዚህ ሕክምናው በአመዛኙ ተሕዋሱን ሳይሆን ቤቱን፣ ማለትም ማክሮፌጁን እንደሚያፈርስ ይታሰባል። የካርቦን ነጥብ እውነተኛ ዕድል እዚህ ላይ ነው። ማክሮፌጅ ቅንጣት የመዋጥ ጠባይ አለው፤ በትክክል የተዘጋጀ ነጥብ ተሕዋሱ ካደረበት ክፍል አጠገብ ሊደርስ ይችላል።

አራተኛው አቅርቦት ነው። በእነዚያ ጥናቶች ከተሠራባቸው ቅባቶች አንዱ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ፣ ውድም ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ይህ ብቻውን ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በመደበኛ የክፍል ሙቀት ለወራት የሚቆይ የካርቦን ቁስ ቢገኝ ትርጉሙ ይህ ነው።

ቀደም ሲል ልብ በሉ ያልኋችሁን የፎቶተርማል ዘዴም እዚህ ላይ ላንሣ። የቆዳ ሊሽማኒያ ዝርያዎች ሙቀት አይችሉም፤ በሬዲዮ ሞገድ ቁስሉን ለ30 ሴኮንድ 50 ዲግሪ ላይ የሚያሞቅ መሣሪያ በሌሎች አገሮች ለሕክምና ይውላል። ብርሃንን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ጥቁር ካርቦን በቁስሉ ላይ ብቻ ተመሳሳይ ሙቀት ማድረስ ይችል እንደሆነ መመርመር የሚገባ ጥያቄ ነው። ሙቀቱ ግን መለካት አለበት፤ ሳይለካ የተሰጠ ሙቀት በጋለ ብረት ከመተኮስ አይለይም፤ ያን ደግሞ ሕዝባችን ያለ እኛ እርዳታ ሲያደርገው ኖሯል።

፮. ምን እንሥራ?

እንግዲህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ሥራውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንለካ። ለምሳሌ በቀይ መብራት ለሚሰጥ መደበኛ ሕክምና የሚታዘዘው መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር 37 ጁል ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ሚሊ ዋት የሚሰጥ የኤልኢዲ መብራት ይህን ለማድረስ 740 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ12 ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ መብራት በአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት ሊሠራና በፀሐይ ኃይል ባትሪ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የቀኑን ብርሃን በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ በየወሩ መለካትም ሩቅ አገር መሄድ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የካርቦን ነጥቦቻችንን ከሜቲሊን ብሉ ጋር እናወዳድር። ይህ ቀለም ርካሽ ነው፤ በየላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ አለ፤ ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ ሲንግሌት ኦክስጅን ያመነጫል፤ በብራዚልም በቆዳ ሊሽማኒያሲስ ቁስል ላይ ተሞክሯል። አዲሱ ቁሳችን ይህን አሮጌ ቀለም ካልበለጠው ስለ አዲስነቱ ብቻ አንጻፍለት። ለኬሚስት ይህ መራራ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ፍትሕ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙከራውን በትክክለኛው ዒላማ ላይ እናድርግ። በብልቃጥ ውስጥ በነፃነት የሚዋኘውን የተሕዋሱን መልክ መግደል ቀላል ነው፤ በሰው ቁስል ውስጥ ያለው ግን እርሱ አይደለም። በማክሮፌጅ ውስጥ ያደረውን መልክ፣ ከአገራችን ሕመምተኞች በፈቃድ በተወሰደ ሊሽማኒያ ኢትዮጵካ ላይ መፈተን አለብን። ሁልጊዜም አራት ምድብ ይኑር፦ ብርሃንም ነጥብም የሌለበት፣ ብርሃን ብቻ፣ ነጥብ ብቻ በጨለማ፣ ሁለቱም በአንድነት። ይህን ሥራ ኬሚስት ብቻውን አይሠራውም። የጎንደር ማእከልን የመሰለ ልምድ ያለው ቡድን፣ የቆዳ ሐኪም፣ የፊዚክስ ባለሙያና የነፋስ መውጫ የጤና ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው።

አራተኛ፣ ቀኑ ደርሶ ሙከራው ወደ ሰው ሲሸጋገር ማነጻጸሪያ ምድብ የሌለው ሙከራ አንቀበል። በኢስፋሃን መድኃኒት በሌለው ቅባት እንኳ 13.3 በመቶ የሚሆኑ ቁስሎች መዳናቸውን አስታውሱ። የእኛ ቁስል ዘግይቶም ቢሆን በራሱ ሊድን ስለሚችል ያለ ማነጻጸሪያ የተፈጥሮን ሥራ በስማችን ልንጽፍ እንችላለን። ማነጻጸሪያው ደግሞ አሁን በሆስፒታሉ ያለው ሕክምና ይሁን፤ ለምርምር ብለን ማንንም ካለው እርዳታ አናጉድል። የአፍንጫ ሽፋን የተነካባቸውና በሽታው የተሰራጨባቸው ሕመምተኞች የብርሃን ሕክምና እጩዎች አይደሉም፤ እነርሱ በመላ ሰውነት የሚሠራ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ፎቶዳይናሚክ ሕክምና ሲሰጥ እንደሚያቃጥልና እንደሚያምም ለሕመምተኛው አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት። «የጨረር ሕክምና» የሚለው ቃል ሰውን ሊያስደነግጥ ስለሚችል ብርሃኑ የራጅ ጨረር አለመሆኑም መብራራት ይኖርበታል።

ክቡራትና ክቡራን፤

በአህጉራችን ይህ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሌሶቶ ሥር ያላቸው ፕሮፌሰር ቴቤሎ ንዮኮንግ በደቡብ አፍሪካ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ብርሃን ተቀባይ ቀለሞችን ከናኖ ቁሶች ጋር በማጣመር ለካንሰርና ለባክቴሪያ ሕክምና ሲያጠኑ ኖረዋል፤ በ2009ም የሎሬያል ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶችን ሽልማት ተቀብለዋል። አንድ ላቦራቶሪ በአንድ ጥያቄ ላይ ለዓመታት ሲጸና የሚደርስበትን ቦታ ሥራቸው ያሳያል።

የእኛ ጥያቄ ጠባብ ነው፤ አንድ ተሕዋስ፣ አንድ የቆዳ ቁስል፣ አንድ የምናውቀው አገር። ጠባብ መሆኑ ይጠቅመናል፤ ሊመለስ ይችላልና። መልሱ «የካርቦን ነጥብ አይሻልም፤ ሜቲሊን ብሉና ቀይ መብራት ይበቃል» ቢሆንም ሥራችን አልከሰረም። «ለሊሽማኒያ ኢትዮጵካ ብርሃን አይበቃም» ቢሆንም ለሐኪሙና ለጤና ቢሮው የሚጠቅም እውቀት ነው። ከሁሉ የከፋው በየዓመቱ አዲስ ነጥብ እየሠራን፣ በየዓመቱ የላቦራቶሪ ባክቴሪያ እየገደልን፣ ከገደሉ አፋፍ ያለው ልጅ ግን ቁስሉን ይዞ እንዲያድግ መተው ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።